ቆዳዬ በእህቴ ጀርባ ላይ

ስለ ጣልያን ዘመን የሚያወራ ሰው አብዛኛውን ጊዜ የሚያወራው ስለ ጥይት ነው። እኔ ግን የማወራው ስለ ቆዳ ነው። ጥይቱንም ሰምቻለሁ፤ የጥይት ነገር ግን ተናጋሪ አላጣም። ያ ቆዳ ያሳየንን ነገር ያየን ሰዎች ያኔም ጥቂት ነበርን፤ ከጥቂቶቹ ዛሬ የቀረሁት እኔ ብቻ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በስተርጅና ስለሆነ አጻጻፌ ወዲያና ወዲህ ቢል አትፍረዱብኝ። ካየሁት ላይ ግን የምጨምረው የለም።

እህቴና እኔ መንታ ነን። ባንድ ቀን መወለዳችን ብቻ አይደለም፤ መልካችን አንድ፣ ድምፃችን አንድ፣ አረማመዳችን አንድ ነው። እናታችን ነፍሷን ይማረውና ስታጥበን እየተደናገረች አንዷን ሁለት ጊዜ አጥባ ሌላዋን ትረሳ ነበር ይባላል። እህቴ ይህ በተነሣ ቁጥር «ሳትታጠብ የቀረችው አንቺ ነሽ፤ ጠባይሽ የከፋው ለዚህ ነው» ትለኝ ነበር። እውነቷን ነው፤ ቁጣው የደረሰው ለእኔ ነው። ለእሷ የደረሳት ዝምታ ነው።

ስናድግ እሷን ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ ካለ ገጠር ለአንድ ዲያቆን ዳሯት፤ እኔን ደምበጫ ለገበሬ። የእሷ ጋብቻ በቁርባን ነበር። በእኛ አገር ካህን ሊሆን ያሰበ ዲያቆን ድንግል ያገባል፤ ሙሽሮቹ አብረው ይቆርባሉ፤ እሱ የሚቀስሰው ከዚያ ወዲያ ነው። ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፣ ይመነኩሳል። ከሁለቱ አንዳቸው ከጋብቻው በፊት ሌላ ሰው አውቀው፣ ያንን ደብቀው የቆረቡ ከሆነ ደግሞ ጋብቻውም ክህነቱም ይፈርሳል። ይህን አስቀድሜ የምነግራችሁ፣ ኋላ ያ ሰው ያደረገውን ስትሰሙ እንዳትስቁበት ነው።

ጣልያን ገብቶ ሁለት ሦስት ዓመት እንደሆነው የጎጃም ጎበዝ ዱር ገባ። የእህቴ መንደር አርበኛ አሳድሯል ተብሎ ተቃጠለ። ችቦውን የያዙት የራሳችን ባንዶች ነበሩ፤ ያዘዛቸው ጣልያን ነበር። እህቴ ከቤት ወጥታ ነበር። ዓይነ ስውር አማቷ ግን ውስጥ ቀርተው ነበርና ተመልሳ ገባች። አሮጊቷን እየገፋች በር ላይ ስትደርስ ሣር ክዳኑ ከነወራጁ ጀርባዋ ላይ ወረደ። አማትየው ጥቂት ጠጉራቸው ተለብልቦ ተረፉ። እህቴ ከማጅራቷ እስከ ወገቧ ተላጠች።

መንደሩ የሚያውቀውን ሁሉ አደረገላት። ማር ቀቧት፣ ጸበል ረጩባት። ቁስሉ ግን ሰፊ ነበርና ማመርቀዝ ጀመረ፤ ትኩሳት ያዛት። ያኔ ባሏ፣ ቀስሶ ነበር፣ ማንም ያላሰበውን አደረገ። በቃሬዛ አሸክሞ ደብረ ማርቆስ፣ ጣልያን ካቆመው ሐኪም ቤት ወሰዳት። ጎረቤቱ «ካቃጠለን ሰው መድኃኒት ልትለምን ነው?» ቢለው «ለእሷ ስል ከሰይጣንም ደጅ እጠናለሁ» አለ አሉ። ቄስ እንዲህ ሲናገር ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ ያንን ስሰማ ነው የወደድኩት።

ወሬው እኔ ዘንድ የደረሰው ዘግይቶ ነው። መንገዱ በኬላ ታጥሯል፤ ባሌ ደግሞ ጫካ ነበር። ልጄን ለጎረቤት ሰጥቼ ከጨው ነጋዴዎች ጋር ተቀላቅዬ ተነሣሁ። ደብረ ማርቆስ መግቢያ ላይ ዘበኛው «ባልሽስ?» ሲለኝ «ሞቷል» አልኩት፣ ነጠላዬንም እንደ ኀዘንተኛ አዘቀዘቅሁ። ኋላ ለባሌ ስነግረው «ተዝካሬን ምን ደግሰሽ አወጣሽልኝ?» ብሎ እስኪያነባ ሳቀ።

ሐኪም ቤቱ ቆርቆሮ የለበሰ ረጅም ቤት ነበር። አንዲት ሴት እየመራች ካንድ ክፍል አስገባችኝ። እህቴ በብረት አልጋ ላይ በደረቷ ተኝታለች፤ ግንባሯን በአልጋው ጫፍ ብረት ላይ በተጠቀለለ ጨርቅ አሳርፋ፣ ፊቷ ከፍራሹ አልፎ ወደ ወለሉ ነው። አጠገቧ መነጽር ያደረገ ቀጭን ፈረንጅ መቀስና ብልቃጥ የደረደረበት ሳህን ይዞ ቆሟል። ቀና ብሎ አየኝ። ሳህኑ ከእጁ ወደቀ።

አልጋውን ተመለከተ፤ እኔን ተመለከተ። ከዚያ ወደ እኔ መጥቶ አገጬን ያዘና ፊቴን ወዲያና ወዲህ አዞረው። ጆሮዬን ገልጦ አየ። መዳፌን ዘረጋ። ቀጥሎ ጥርሴን ሊያይ ሲል እጁን በጥፊ መታሁት፤ ከደምበጫ ገበያ ፈረስ የሚገዛ መሰለኝ። ፈረንጅ መምታት በዚያ ዘመን አንገት ያስቆርጥ ነበር። ሐኪሙ ግን መመታቱንም ልብ አላለው። አስተርጓሚው፣ የሐማሴን ሰው ነው፣ ረጋ ብሎ «አትቆጪ እህቴ፤ በሽተኛዬ ተነሥታ ቆማ መጣች ብሎ ደንግጦ ነው» አለኝ።

እህቴ ድምፄን ሰማች። «መጣሽ?» አለች ወደ ወለሉ። «መጣሁ» አልኳት።

ጀርባዋን ሲገልጡልኝ ዓይኔን ጨፈንኩ። ስከፍተው ያየሁት የጠበቅኩትን አልነበረም። በቀዩ ሥጋ ላይ ጣት ጣት የሚያህሉ ስስ የቆዳ ቁራጮች በመስመር ተደርድረው ተጣብቀዋል። እኛ ደምበጫዎች በርበሬ አልሚዎች ነን። ችግኙን ከመደብ ነቅለን ማሳ ላይ እናፈልሳለን፤ መጀመሪያ ይጠወልጋል፣ ሥር ከያዘ ግን አንድ ጧት ቀና ብሎ ታገኙታላችሁ። ቁራጮቹም እንደዚያ ቀና ብለው ነበር። ደም ገብቶባቸዋል። የማን እንደሆኑ ሳላውቅ በሕይወት መኖራቸውን አወቅሁ። ሰው ሥጋ እንደሚቆረጥ አውቃለሁ፤ ሥጋ እንደሚተከል ግን ማንም ነግሮኝ አያውቅም።

መልካቸው ግን የእህቴ አልነበረም። እኛ ቀዮች ነን፤ ቁራጮቹ ጠይም ናቸው። «የማን ነው ይኼ?» አልኩ።

«የኔ ነው» አለ ከኋላዬ ሰው። የእህቴ ባል ነው፤ በዘንግ ተደግፎ እያነከሰ መጣ፤ ጥምጥሙ ነጭ፣ ፊቱ የፋሲካ ፊት። «ይኸውልሽ፣ እዪ! ቅዱስ ቁርባን አንድ ሥጋ አድርጎናል። ሐኪሙ አላመነም ነበር፤ አሁን በዓይኑ አየ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር። ሐኪሙ ቁስሉ ካልተሸፈነ እንደማትተርፍ አወቀ። ከራሷ ገላ እንዳይቆርጥ ሌላ ቁስል የምትችልበት አቅም አልነበራትም። ስለዚህ ከሌላ ሰው ወስዶ መሸፈን ፈለገ፤ ባልየው ወዲያው ጭኑን ገለጠ። ሐኪሙ በአስተርጓሚው «የሌላ ሰው ቆዳ አይቆይም፤ ለጊዜው ግን ይሸፍናታል» አለው። ቄሱ «እኔ ሌላ ሰው አይደለሁም፤ ባሏ ነኝ» ብሎ መለሰ። ይህን አስተርጓሚው ሲነግረኝ ድምፁ ተለውጦ ነበር። ሐኪሙም ምላጩን አነሣ።

ካህን ደም እየፈሰሰው መቅደስ አይገባም። ጭኑ እስኪድን ድረስ ቅዳሴ አቁሞ ነበር፤ ለእሱ ያ ከምላጩ የባሰ ቁስል ነበር። ግን ደስታው ሁሉን አስረስቶታል። ሌላውን ቁስለኛ ሁሉ እየጠራ ያሳያል፤ አሮጊቶች መጥተው አማትበው ይሄዳሉ። እኔም እልል አልኩ፤ አልዋሽም። ያልተደሰተ ሰው አንድ ሐኪሙ ብቻ ነበር። ጧት ጧት መጥቶ የቁራጮቹን ጠርዝ በጣቱ ጫን ያደርጋል፣ ያያል፣ ይሄዳል። ምቀኛ ነው አልኩ በልቤ።

አንድ ጧት ጨርቁ ሲነሣ ጠርዙ ጠቁሯል። በማግስቱ ጥቁረቱ ወደ ውስጥ ገባ፤ ከዚያ ውኃ ቋጠረ፤ ከዚያ ሸተተ። ያ ቀና ብሎ የነበረ ፍልስ ሁሉ እየደረቀ ከጨርቁ ጋር ይነሣ ጀመር። ሥሩ ተበልቶ አይደለም፣ ሳይታጠብ ቀርቶም አይደለም፤ የእህቴ ገላ አንዳች ነገር እንደነገሩት ሁሉ ተነሥቶ አባረረው። እንግዳ አሳድሮ፣ አብልቶ አጠጥቶ፣ ከዚያ ባንድ ጧት «ማነህ አንተ?» እንደማለት ነው። በሕይወቴ እንደዚያ የሚያስፈራ ነገር አላየሁም። ገላ ራሱን ያውቃል ለካ! እኛ ተኝተን እንኳ እሱ ይቆጥረናል።

ባልየው የረገፈውን ቁራጭ በነጭ ጨርቅ ይለቅማል፤ የሰው ገላ ሜዳ አይጣልምና ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር ሊቀብረው ነው። ሐኪሙ አንዷን ለመነው። ቄሱ አልሰጥም አለ። ፈረንጁ ግን ዞር ሲልለት አንዷን ከአልጋው ላይ አንሥቶ በብልቃጥ ውስጥ ከተታት፤ አየሁት። የሰው ገላ እንደ ኮሶ በጠርሙስ! እንደ አይጥ ነክሶ እፍ ማለት ይሏችኋል ይህ ነው አልኩ። ቤቷን አቃጠሉ፤ አከሟት፤ የባሏን ቆዳ ደግሞ ሰረቁ።

በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ እህቴ ያንቀላፋች መስሎን ሁለታችን አልጋዋ አጠገብ ቆመን ነበር። ባልየው ወደ እኔ ጠጋ አለ። ፊቱ ከስቷል።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ በታቦቱ ይዤሻለሁ፣ እንዳትዋሺኝ» አለ። «እሷ ከእኔ በፊት ሰው ታውቅ ነበር?»

መጀመሪያ አልገባኝም። ሲገባኝ ደሜ ፈላ።

«አባ፣ ጀርባዋ የተላጠ ሴት ፊት ቆመው ይህን ይጠይቁኛል? የእርስዎን እናት ላወጣ ብላ ገብታ እኮ ነው የነደደችው!»

«አውቃለሁ» አለ። «ራሴንም መረመርኩ፤ አንድ ሳላስቀር መረመርኩ። አላገኘሁም። ግን ሥጋዋ አላወቀኝም። ቁርባናችን የቀና ቢሆን ኖሮ ያውቀኝ ነበር። ከሁለታችን አንዳችን...» አልጨረሰውም። «ዲማ ገዳም ሄጄ መምህሬን እጠይቃለሁ። ጋብቻ ከሌለኝ ክህነትም የለኝም።»

ያችን ያልዳነች ጭኑን እየጎተተ ሄደ። ከኋላው ልሰድበው አፌን ከፍቼ ነበር፤ ትከሻውን ሳየው ተውኩት። ክፉ ሰው አልነበረም። ያመነውን ነገር ሥጋ ላይ ተጽፎ አይቶ፣ ዓይኑ እያየ ሲደመሰስበት የቆመ ሰው ነበር። ዞር ብዬ እህቴን ሳይ ከፊቷ ሥር ወለሉ እርጥብ ነው። አልተኛችም ነበር።

ጀርባዋ እንደገና ተራቆተ። ትኩሳቱ ተመለሰ። አሁን እህቴ ልትሞት ነው፤ ስትሞት ደግሞ በባሏ የተጠረጠረች ሆና ነው። ይህ ሁለተኛው ከመጀመሪያው ይልቅ አንገበገበኝ።

ሐኪሙ አስተርጓሚውን ይዞ መጣና ተከተይኝ አለኝ። ከቤቱ ጀርባ በሽቦ በታጠረ ቦታ በጎች ነበሩት። ከተማው ስለ እነዚያ በጎች የማያወራው አልነበረም፤ ከገበሬ የተቀሙ ናቸው፣ ጋኔን ይጠራባቸዋል ይባል ነበር። ቀርቤ አየኋቸው። አንዱ ነጭ በግ ጎኑ ላይ መዳፍ የሚያህል ጥቁር ቆዳ ከነጠጉሩ ተሰፍቶበታል። ሌላው ነጭ በግ እዚያው ቦታ ላይ መላጣ ጠባሳ አለው። ሦስተኛው ጠጉሩ ሁሉ ወደ ኋላ ተኝቶ፣ አንዲት ቁራጭ ላይ ብቻ ወደ ፊት ይበቅላል፤ የራሱን ቆዳ ቆርጦ፣ ገልብጦ ነው የመለሰለት። አማተብኩ። የፈጣሪን ሥራ እየፈታ የሚገጥም ሰው ፊት መቆሜ ነው።

«በአገሩ ከብዙ ዘመን በፊት አንድ ሰው ይህንኑ በበግ ሞክሮታል» አለ አስተርጓሚው። «ከራሱ ወደ ራሱ ይይዛል። ከሌላ በግ ይረግፋል። ሐኪሙ ከእናት ወደ ግልገል ሞከረ፣ ረገፈ። ከመንታ ወደ መንታ ሞከረ፣ እሱም ረገፈ።»

«መንታውም ከረገፈ ከእኔ ምን ይፈልጋል?»

ሁለቱ ተነጋገሩ። «የበግ መንታ ባንድ ቤት ያደሩ ሁለት እንግዶች ማለት ነው ይላል። አንዳንድ የሰው መንታ ግን አንድ ሆኖ ተጀምሮ ሁለት ሆኖ ይወለዳል። እናታችሁ ስትወልዳችሁ የእንግዴ ልጁ ስንት ነበር?»

ይህን አውቃለሁ። እናታችን ስንጣላ ሁልጊዜ የምትለን ነበር፦ «ሁለት ልጅ ወልጄ የቀበርኩት አንድ እንግዴ ልጅ ነው፤ እናንተ ባንድ ጎጆ ያደራችሁ ምን ያጣላችኋል?» ለአስተርጓሚው ነገርኩት። ሐኪሙ ሲተረጎምለት ከድንጋይ ላይ ቁጭ አለ። እንዲህ ዓይነት ሰዎች ላይ ቆዳ ይዞ ያውቃል የሚል ወሬ አንብቤያለሁ፣ በዓይኔ ግን አላየሁም፣ ተስፋም አልሰጥሽም አለ።

«ጠይቀው» አልኩ። «ይህን የሚያደርገው እህቴን ሊያድን ነው ወይስ ሊያውቅ? እኔ በጉ ነኝ?»

አስተርጓሚው ልተርጉም አልተርጉም ብሎ አመነታ፤ ተረጎመው። ሐኪሙ መነጽሩን አወለቀ።

«ለሁለቱም፣ ይላል።»

አለመዋሸቱን ወደድኩለት። ጠላቴ ነው፤ እውነት ተናገረ፤ ጭኔን ሰጠሁት።

በመርፌ ቢያደነዝዘኝም ምላጩ ሲንሸራተት ድምፁን እሰማለሁ፤ እንደ ሽንኩርት ልጣጭ ስስ አድርጎ ያነሣዋል። አላለቀስኩም። ያስለቀሰኝ፣ ቁራጩ ከእኔ ተነሥቶ ወደ እህቴ ሲሻገር በመካከል ለጥቂት ጊዜ የማንም ሳይሆን አየር ላይ ሲውል ማየቴ ነው።

ከዚያ ጥበቃ ሆነ። መጀመሪያ ነጣ፤ ከዚያ ቀላ፤ ከዚያ ያዘ። ማንም እልል አላለም። የባልየውም እንዲሁ ይዞ ነበራ። ሐኪሙ አሁን በቀን ብዙ ጊዜ ይመጣ ጀመር። የባልየው ቆዳ መጥቆር የጀመረበት ጊዜ ሲደርስ ጧቱን በርጩማ ስቦ እህቴ አጠገብ ተቀመጠ። ምሳ ይዘውለት መጡ፤ መለሰው። ጨርቁን ያነሣል፣ ያያል፣ ይሸፍናል። እኔ ማዶ ተቀምጬ በልቤ ገላዋን እለማመናለሁ። «እኔ ነኝ፤ እኔ ነኝ እኮ፤ አታባርሪኝ» እላለሁ። ቀኑ መሸ። ሌላ ቀን ነጋ፤ እሱም መሸ። ጠርዙ አልጠቆረም።

አንድ ጧት ሐኪሙ እጄን ያዘ፤ አሁን አልመታሁትም። ጣቴን እህቴ ጀርባ ላይ፣ ከእኔ በሄደው ቆዳ ላይ አስቀምጦ ጫን አደረገው፤ ከዚያ ለቀቀው። የተጫነው ቦታ ነጣ፤ ወዲያው ደግሞ ደሙ ተመልሶ ሞላው። «ደሙ የእሷ ነው፣ ቆዳው ያንቺ ነው፤ ገላዋ ልዩነቱን አያውቅም፣ ይላል» አለ አስተርጓሚው። ፈረንጁ እያለቀሰ ነበር። ያ ሁሉ በግ፣ ያ ሁሉ ብልቃጥ፣ ለዚች ለምትሞላ ደም ነበር ለካ። እኔ ፈራሁ። እናቴ ማሕፀን ውስጥ፣ ማንም ሳያየን፣ አንድ ነገር ለሁለት ተከፍሎ ነበር፤ «እኔ» የምለው ሰው ግማሽ ነበር፤ ይህን ገላችን ሳይረሳ ኖሯል። ተንበርክኬ ወለሉን ሳምኩ። ሐኪሙንም መሳም አምሮኝ ነበር፤ የተቃጠለው መንደር ትዝ ሲለኝ ተውኩት።

ከብዙ ዓመት በኋላ ጣልያን ወጥቶ፣ ልጆቼ ልጆች ወልደው፣ በሬዲዮ ባሕር ማዶ ከአንድ ሰው ኩላሊት አውጥተው ለመንታ ወንድሙ ተከሉለት፣ ዳነም ሲባል ሰማሁ። የቤቱ ሰው ሁሉ ጉድ አለ። እኔ ሳቅሁ። ለምን ትስቂያለሽ ቢሉኝ ጭኔን መታ መታ አደረግሁ። ያ መነጽራም ወሬውን ሰምቶት ይሆን ብዬ ነበር ያሰብኩት።

ባልየው ከዲማ የተመለሰው ቆዳዬ በደንብ ከያዘ በኋላ ነው። አቧራ ለብሷል፤ ማንከሱ ብሷል።

«መምህርዎ ምን አሉ?» አልኩት።

«‘እኔን ከምትጠይቅ ሚስትህን አታስታምምም?’ ብለው መለሱኝ» አለ ወለሉን እያየ።

ጨርቁን ገልጬ አሳየሁት። ቀይ ቆዳ በቀይዋ ጀርባ ላይ፤ ድንበሩ እንኳ አይለይም። እፎይ ይላል ብዬ ነበር። እሱ ግን ፊቱ ይበልጥ ጠቆረ። «እንግዲህ ታየ» አለ። «እህቷን አወቀች። እኔን ነው ያላወቀችው።»

ያኔ እህቴ ተናገረች። ከተቃጠለች ጀምሮ ይህን ያህል ስትናገር አልሰማሁም ነበር፤ የተናገረችውም ወደ ወለሉ ነው።

«የጠየቁትን ሰምቻለሁ፣ አባ» አለችው። «እኔን መጠየቅ ነበረብዎ። ከእርስዎ በፊት ሰው አላውቅም። ይህን አንዴ ነው የምናገረው፤ ሁለተኛ አልደግመውም።»

እሱ በዘንጉ ላይ ክብደቱን ጣለ።

«ሌላም ልንገርዎ። የእርስዎ ቆዳ ከመምጣቱ በፊት ጨርቁ ሲነሣ ሞት ነበር የምለምን። ነፋስ ሲነካኝ እጮህ ነበር። እርስዎ ጀርባዬ ላይ ከተጋደሙ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አገኘሁ። እህል ቀመስኩ። ሐኪሙ ለጊዜው ይሸፍናታል አላለዎትም? ሸፈኑኝ። እህቴ እስክትደርስ ሸፈኑኝ። እርስዎ ባይኖሩ ይቺ የምትደርሰው ለቀብሬ ነበር።» ግንባሯን በጨርቁ ላይ አመቻቸች። «ሥጋዬ አላወቀዎትም፤ ይሁን። የእርስዎ ሥጋ ግን እኔን ሲጠብቅ አይደለም እንዴ የሞተው? በእኔ ፈንታ እኮ ነው የሞተው። ሌላ ሰው እንዲህ ያደርጋል?»

ቄሱ ዘንጉን ግድግዳው ላይ አስደገፈ። ጥምጥሙን ፈትቶ ለእኔ ሰጠኝ። ከዚያ ጭኑን በእጁ ደግፎ፣ እያቃሰተ፣ ወለሉ ላይ በጀርባው ተኛና ፊቱ ከፊቷ ሥር እስኪሆን ድረስ በክርኑ እየገፋ አልጋው ሥር ገባ። እሳቱ ከወረደባት ቀን ጀምሮ ፊት ለፊት ተያይተው አያውቁም ነበር።

«ታዪኛለሽ?» አላት።

«አየሁዎ» አለችው። እንባዋ እየተንጠባጠበ ፊቱ ላይ ሲወርድ አልጠረገውም።